የገለባ ቀለም

የሌክውዱ ወርክሾፕ ያሰናበተኝ ኬክ ቆርሶ ነው። አለቃዬ ብራያን፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ከእንግዲህ ዓሣ ማጥመድ ነው ግርማ!» አለኝ። እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ቤቴ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል የዴንቨር ሰፈር ነው፤ ከበሩ ስወጣ የሚታየኝ የጎረቤት ጋራዥና ከአየር ማረፊያው የሚነሳ አውሮፕላን ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ባለቤቴ አስናቀች «ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ አንድ ነገር ሥራ፤ ቤቱን አጨነቅከው» አለችኝና ወደ ጋራዡ ገባሁ። የሥራ ዘመኔን ሳወራ ሰዎች የሚጠብቁት በየወርክሾፑ ያሳለፍኩትን አርባ ምናምን ዓመት ነው። እኔን ግን ሌት ተቀን የሚያሳፍረኝ ከጡረታ በኋላ እዚያ ጋራዥ ውስጥ የሠራሁት ነው።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነው። ዘንግ እንቆርጣለን፣ ቡሽ እናወጣለን፣ የተበላ ማርሽ እንሞላለን። ዴንቨር ስመጣ ያ ሁሉ ሙያ ለማንም የማይነበብ ወረቀት ሆነና መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ። አንድ ቀን የመግቢያው ክንድ ተሰብሮ መኪና ሲሰለፍ፣ ከኪሴ ባወጣሁት ቢላዋና በሽቦ ጠግኜ አነሳሁት። ከተሰለፉት አንዱ ባለ ወርክሾፕ ነበር። «ይህን የት ተማርክ?» አለኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ ሰሜን ዴንቨር ያለው ወርክሾፑ ውስጥ ገባሁ። ከሚስተር ሬይ ጋር የተገናኘነው እዚያ ነው።

ሚስተር ሬይ የብረት ፋብሪካ ከተማ የሆነችው የፑዌብሎ ሰው ነበሩ፤ አባታቸው ብረት ሲያቀልጡ የኖሩ። አጭር፣ ደንዳና፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። የወርክሾፑ ምድጃ የእሳቸው ነበር፤ ብረት የሚያጠነክሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ሚስተር አትበለኝ፣ ሬይ በለኝ» ይሉኛል፤ አልቻልኩም። እንግሊዝኛው አንተና እርስዎ ባይለይም፣ እኔ በልቤ እርስዎ እያልኩ ነበር የማወራቸው።

ምድጃውን ከመክፈታቸው በፊት ከላይ ያለውን መብራት ያጠፋሉ። የጋለ ብረት እውነተኛ ቀለሙ የሚታየው በጥላ ነው፤ ብርሃን ውስጥ ይዋሻል። ካንገታቸው በክር የተንጠለጠለች ማግኔት ነበረቻቸው፤ ብረቱ ላይ ቀረብ ያደርጓታል፤ ማግኔቷ ብረቱን መሳብ ስታቆም ዘይት ውስጥ ለመነከር ደርሷል ማለት ነው። ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከሆነ ቀዳዳውን በጭቃ ይደፍኑታል፤ ዘይት በድንገት ገብቶ ከውስጥ እንዳይሰነጥቀው። ዘይት ውስጥ ሲነክሩት ደግሞ ማንም እንዲናገር አይፈልጉም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የዘይቱን ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ የባለቤቱ ልጅ ቀልድ እያወራ ገባና፣ ሳይዞሩ እጃቸውን ብቻ አንስተው ዝም አሰኙት።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ግን ለመጨረሻው ሥራ ነበር። «ተነክሮ የወጣ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን ብርጭቆ ነው» ይሉ ነበር። «ጠላትህን አይደለም የሚሰብረው፤ ራሱ ነው የሚሰበረው። መልሰህ በቀስታ አሙቀው፣ ንዴቱ ይብረድለት።» እኔ ይህን በአማርኛ ማለዘብ እለዋለሁ። የተወለወለ ብረት ሲለዝብ ላዩ ላይ ቀለም ያወጣል፤ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። የሚቆርጥ ዕቃ ገለባው ላይ ይቆማል። የሚመታና የሚናወጥ ነገር ግን ቡናማውን አልፎ ወይን ጠጁ ጋ መድረስ አለበት፤ ያለዚያ አንድ ቀን ጥሎህ ይሄዳል።

ሚስተር ሬይ ጡረታ ወጡ፤ ወርክሾፑም ተሸጠ። ወደ ሌክውድ ሄድኩ። እዚያ ማሽኑ ሁሉ በኮምፒውተር ነው፤ ደመወዙ የተሻለ፣ መሬቱም ንጹሕ። ብረት ማጠንከር ግን የለም። ብራያን «እሱን ውጭ እንልካለን፤ ሰርተፊኬት ያላቸው ሰዎች አሉ» አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን በሆዴ ቂም ይዤ ኖርኩ፤ ያወቅኩትን ነገር የተቀማሁ መሰለኝ።

ስለዚህ ጋራዤ ውስጥ ስገባ ምን እንደምሠራ አውቅ ነበር። ምድጃ ለመግዛትም ለማንደድም ቦታ የለም። ኢንተርኔት ላይ ግን ሰዎች በኤሌክትሪክ፣ ያለ እሳት፣ ብረት ሲያግሉ አየሁ። ኢንዳክሽን ይሉታል። የመዳብ ቱቦ እንደ ሞላ ትጠመጥማለህ፤ በውስጡ እጅግ ፈጣን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ትሰዳለህ፤ መሀሉ የምታስገባው ብረት መዳቡን ሳይነካ ከራሱ ውስጥ ይግላል።

ክረምቱን ሙሉ ለፋሁበት። ከተጣሉ የኮምፒውተር ሰርቨሮች የወጡ ፓወር ሰፕላዮች ገዝቼ አያያዝኩ። ቱቦው ሲጠመጠም እንዳይጨመደድ በደረቅ ጨው ሞልቼ፣ ጫፍና ጫፉን ቀጥቅጬ፣ በውሃ ቧንቧ ላይ ጠመጠምኩት። መጀመሪያ ስለኩሰው ትራንዚስተሮቹ እንደ ፈንዲሻ ተንጣጥተው አለቁ። በሌላ ጊዜ ካፓሲተሮቹ ግለው ሸተቱ። መዳቡ ራሱ እንዳይቀልጥ በውስጡ ውሃ መዞር አለበት፤ ለእሱ ከዓሣ ማሳደጊያ የወጣች ትንሽ ፓምፕ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩ። አለቃዬ ዓሣ ያለኝ በዚህ ተፈጸመ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

በመጨረሻ የሠራ ዕለት አስናቀችን ጠራኋት። ብሎን በፒንሳ ይዤ መሀሉ አስገባሁት። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፤ ብሎኑ ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን ሆነ። አስናቀች ወደ ኋላ ብላ አማተበች።

«ይኼ ነገር ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ሌላ?»

«ኤሌክትሪክ ነው።»

«ቤቱን እንዳታቃጥልብኝ ብቻ።»

ለማለዘብ የወጥ ቤቱን ኦቨን ልጠቀም ጠይቄያት ነበር። ዲግሪው የታወቀ ነው፤ ብረቱን አስገብቶ መጠበቅ ብቻ ነው። «ዳቦ በምጋግርበት ዘይት የጠጣ ብረት? በፍጹም!» አለች። አልተከራከርኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ዲግሪ ማየት የጀማሪ ሥራ ነው፤ እኔ በቀለም ነው የተማርኩት። ያንኑ ማሽን ኃይሉን ቀንሼ፣ ብረቱን ወልውዬ፣ ቀለሙን በዓይኔ እያየሁ አለዝብ ጀመር።

ወሬ አይቆምም። መጀመሪያ ለጎረቤት የበረዶ መጥረጊያ ማሽን አንድ ዕቃ ሠራሁ። ቀጥሎ አውሮራ ከተማ ውስጥ ሬስቶራንት ላለው ሰው የሥጋ መፍጫ ቢላዋ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ጋሽ ግርማ ብረት ያበስላሉ» እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱን እወደው ነበር። ሌክውድ የነጠቀኝን መልሼ ያገኘሁ መሰለኝ፤ በየሰዉ ፊት ደረቴ ሰፋ።

ታምራት የመጣው በዚህ መሀል፣ ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ነው። ታምራት አውሮራ የሚኖር፣ በሽተኞችን በዊልቼር ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ቫን ያለው፣ ሥራውን ገና የጀመረ ሰው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ የሊፍቱ ፒን ተበልቷል፤ ይናወጣል። ዲለሩን፣ የሸጠልኝን ድርጅት፣ ብጠይቅ አዲሱ እስኪመጣ ሳምንታት ጠብቅ አለኝ። ቫኑን ፓርክ ካደረግኩ ኮንትራቱን ለሌላ ይሰጡብኛል። እርስዎ ይሠሩልኛል ይላሉ ሰዎች።»

ሊፍቱ በሽተኛውን ከነዊልቼሩ ከመሬት ወደ ቫኑ የሚያነሳው ብረት ነው። ፒኑ የሊፍቱን ክንድ የሚያያይዝ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ተራ ነገር ነው። በእጄ አገላበጥኩት። ሚስተር ሬይ ቢሆኑ «ይህ ምን ይሸከማል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔ ያልኩት «ሐሙስ ና ውሰድ» ነው። ስለ ክፍያ ሲያነሳ ተቆጣሁት።

ቶርኖ ካለው ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ቆረጥኩት። ጋራዡን አጨለምኩ። ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንኩ። ላዩ ብቻ ቢጠነክር በቂ ነበር፤ እኔ ግን አላመንኩትምና እስከ ልቡ እስኪግል ቆየሁበት። ነከርኩት። ድምፁን አዳመጥኩ። ሞረድ ስሞክርበት ሞረዱ አልያዘውም፤ ተንሸራተተ። ከዚያ ወለወልኩትና መልሼ አሞቅኩት። ቀለሙ መጣ፤ ገለባውን አለፈ፤ ቡናማው ጠቆር ብሎ ወይን ጠጅ ሲሆን አየሁና አወጣሁት። በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት። ታምራት ገጠመው፤ ራሱ ቆሞበት ወጣ ወረደ። «አይነቃነቅም ጋሼ! እጅዎ ይባረክ!» አለኝ።

ለጥቂት ሳምንታት ሠራ። ከዚያ እጅግ በቀዘቀዘ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣» አለ ታምራት፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ሊፍቱ ወደቀ። ሚስ ዶሪስ ላዩ ላይ ነበሩ።»

ሚስ ዶሪስ አውሮራ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ታምራት በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት የሚወስዳቸው። ከእነከባዱ ባለ ባትሪ ዊልቼራቸው የሰው ወገብ ያህል ከፍታ ላይ ሲደርሱ ፒኑ ተሰበረ፤ ሊፍቱ በአንድ ወገን ተንጋደደ፤ አስፋልቱ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ስደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ታምራት የቫኑን ጎማ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ፒኑን ሰጠኝ። የተሰበረበትን ፊት አየሁት። ትንሽ እንኳ አልታጠፈም፤ እንደ ስኳር ፍንጥር ፍንጥር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ስባሪ። እንዲህ የሚሰበር ያልለዘበ ብረት ነው። ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ግን ቀለሙን አይቻለሁ! እጄ ላይ ያለው ማስረጃና ዓይኔ ያየው ተጣሉብኝ።

ታምራት ወደኔ ጠጋ አለ። «ከጀንክያርድ፣ ከአሮጌ መኪና መበተኛ፣ ገዛሁት እላለሁ። ተመሳሳይ ሞዴል፣ አሮጌ ዕቃ ነው እላለሁ። እርስዎን ምን ያስገባዎታል?»

«አይሆንም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ።

«ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ብቻ አይደለም የማወራው።»

አልሰማሁትም። በእውነት ነው የምለው፤ ያን ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ልቤ አልሰማውም።

ኢንሹራንሱ የላካት መርማሪ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ጨዋ፣ ድምፅዋን የማታነሳ ሴት። ሁሉንም ተናገርኩ። «ፈቃድ አለህ?» አለችኝ። የለኝም። «የምታጠነክርበትን ልታሳየኝ ትችላለህ?» ጋራዡን ከፈትኩ። በወርክሾፕ ቋንቋ ላስረዳት ጀመርኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ባልዲው ውስጥ አየች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፓምፕ ነው።»

«የዓሣ ማሳደጊያ ፓምፕ?»

«አዎ።»

ፎቶ አነሳችው። ሽቦዎቹን፣ በቴፕ የታሰረውን ቱቦ፣ ዘይቱን የማስቀምጥበትን የቀለም ቆርቆሮ አነሳች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ካሜራዋ ባበራ ቁጥር ያ የኮራሁበት ሥራ በእሷ ዓይን ታየኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ታምራት ኮንትራቱን አጣ። በዚህ አገር ሕግ ሰው በሚጫንበት ሊፍት ላይ ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ዕቃ መግጠም ሌላ፣ ተመሳሳይ አሮጌ ዕቃ መግጠም ሌላ ነው፤ ኮንትራት የሚያስነጥቀው የመጀመሪያው ነው። እኔ ይቅርታ ልለው አውሮራ አፓርትመንቱ ሄድኩ። በሩን ከፈተ፤ ግን ግባ አላለኝም።

«እርስዎ እውነቱን ተናግረው ሕሊናዎን አሳረፉ» አለኝ። «እኔ ደግሞ ሥራዬን አጣሁ። እውነቱ የሁለታችን ነበር፤ ሲናገሩት ግን አልጠየቁኝም።»

ውሸት መናገር ነበረብኝ አልልም፤ ዛሬም አልልም። ግን ቀድሜ ከእሱ ጋር ተቀምጬ፣ ምን እንደሚደርስበት ሰምቼ፣ አብረን ሄደን ልንናገር እንችል ነበር። እኔ ለራሴ ቸኮልኩ። ፒኑንም የሠራሁት በዚያው ችኮላ ነው፤ እውነቱንም የተናገርኩት።

ቤት ውስጥ ደግሞ አስናቀች መብላት ተወች። «ኦቨኑን ብፈቅድልህ ኖሮ፣» ትላለች። «ለዳቦ ብዬ።» ምንም ያላደረገች ሴት የኔን ነገር ተሸክማ ስትዞር ማየት ሌላ ቅጣት ሆነብኝ። «አንቺ ምን አደረግሽ? ዓይኔ ይበቃኛል ያልኩት እኔ እኮ ነኝ» እላታለሁ። አትሰማም።

መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ የሄድኩት በዚያ ጸደይ ነው። የዓይን ፈተናውን ወደቅኩ። ሐኪሙ መረመረኝና በሁለቱም ዓይኖቼ ላይ የሞራ ግርዶሽ እንዳለ ነገረኝ፤ ለዓመታት ቀስ በቀስ ሲያድግ የቆየ። አንዱን ዓይን አስቀድመው ቀዶ ጥገና አደረጉልኝ። ፋሻው ሲነሳ የሐኪሙ ጋዋን ነጭ ሆኖ አበራብኝ። የታከመውን ዓይን በእጄ ሸፍኜ ባልታከመው ሳየው ያው ጋዋን ሻይ የፈሰሰበት መሰለ።

እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ገባኝ።

ቤት እንደደረስኩ ጋራዡን ከፈትኩ። አንድ ቁራጭ ብረት ወልውዬ በቀስታ አሞቅኩት። ባልታከመው ዓይኔ እያየሁ፣ ቡናማው ጠቆር ብሎ ወደ ወይን ጠጅ ሲሄድ አወጣሁት። ከዚያ በታከመው ዓይን አየሁት። ገለባ ነበር። ያውም የነጣ ገለባ። ብረቱ ገና አልለዘበም።

ለአስናቀች ነገርኳት። እጆቿን አጨበጨበች፣ አለቀሰች። «በል እንግዲህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም! በሽታ ነው!»

ግን ሚስተር ሬይ ትዝ አሉኝ። በመጨረሻ ዓመታቸው ብረት ሲያለዝቡ ይጠሩኝ ነበር፤ «ግርማ፣ ና እስቲ፣ ምን ቀለም ታያለህ?» እነግራቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያወጡታል። እኔ እየፈተኑኝ ይመስለኝ ነበር። ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ትክክል ስለምመልስ። አሁን ነው የገባኝ፤ ፈተና አልነበረም። ዓይናቸው እንደከዳቸው አውቀው፣ ሳያፍሩ ከኔ ይበደሩ ነበር። ያ ሰው ዓይኑን ጠረጠረ። እኔ ደግሞ ኦቨን እንኳ ናቅኩ። በሽታው የእኔ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ማንንም አለመጥራቴ ግን የእኔ ነው።

ቢሆንም ይህን ምክንያት ይዤ ሚስ ዶሪስን ልጠይቅ ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥተው ማገገሚያ ቤት ነበሩ። አበባ ገዛሁ። የምናገረውን በመንገዱ ሁሉ ደጋግሜ ተለማመድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አበባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ ብለው በጣታቸው አመለከቱኝ። ስለ ዓይኔ መናገር ጀመርኩ። ስለ ቀለሞቹ፣ ስለ ሐኪሙ። ትንሽ ከሰሙኝ በኋላ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «እኔን እዚያ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ድንጋይ አስቀምጣችሁ ሞክራችኋል? አሸዋ? የኔንና የወንበሬን ያህል የሚከብድ ነገር?»

«ታምራት ቆሞበት ነበር» አልኩ።

«ያ ቀጭን ልጅ?»

አርባ ዓመት ብረት የሠራሁ ሰው ነኝ። ዕቃ ሳይሞከር ከወርክሾፕ አይወጣም፤ ይህን አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በመጀመሪያው ወር የተማርኩት ነው። ዓይኔ ታውሮም ቢሆን የእሳቸውንና የወንበራቸውን እጥፍ የሚከብድ አሸዋ ያን ፒን አስቀድሞ ይሰብረው ነበር፤ ማንም ሳይጎዳ።

«አልሞከርንም» አልኳቸው።

«ደክሞኛል» አሉ ሚስ ዶሪስ። «ስለመጣህ አመሰግናለሁ። ደግመህ አትምጣ።» ክፉ ሆነው አልነበረም። የእውነት ደክሟቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ በመራመጃ መቆም እንደጀመሩ ከሰው ሰማሁ። አልሄድኩም፤ ያሉኝን አከበርኩ።

ማሽኑን ፈታሁት። መዳቡን ለብረት ሰብሳቢ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ለማንም አንዲት ብሎን አልሠራሁም። ቤተ ክርስቲያንም ኋላ ቆሜ፣ ታምራት ሳያየኝ ቀድሜ እወጣ ነበር። እሱ ቫኑን ሸጦ አየር ማረፊያ ሻንጣ መጫን ጀምሯል ይሉኛል።

አንድ ቀን የታምራት እናት አገር ቤት ማረፋቸው ተሰማ። አስናቀች ነጠላዋን አውጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ለቅሶ ቤት የማይኬድበት ቂም የለም» አለች። ሄድን። አፓርትመንቱ ሞልቷል፤ ከሌላ ስቴት የመጡ ዘመዶቹ ሁሉ አሉ። በሩ ጋ ቆሜ ስመለከት ታምራት አየኝ። ተነስቶ መጣ፤ ትከሻዬን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝና ከአጎቱ አጠገብ ወንበር ሰጠኝ። እግዜር ያጽናህ አልኩት።

አጎቱ በዕድሜ ከኔ የሚበልጡ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ወደኔ ዞረው «እርስዎ እዚህ አገር ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ልመልስ ስል ዓይኔ ታምራት ላይ አረፈ። ታምራት ውሃ እያደለ በአጠገባችን ያልፍ ነበር። ቆም አለ። እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር፤ መብቱ ነበር።

«የብረት ባለሙያ ናቸው፣» አላቸው። «ጋሽ ግርማን እዚህ የማያውቅ የለም።»

አጎቱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ሙያ ያለው ሰው የታደለ ነው» አሉኝ። ታምራት ውሃውን ሰጠኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። እኔ ብርጭቆውን እንደያዝኩ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ፣ ቀና አላልኩም።